ፎከሱ እንደሳተ አይተሽ ዝም ስትይ

ጥያቄው የመጣው ደሴ ከምትኖር የፊልም ተማሪ ነው። ረዘም ይላል፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የፊልም ተማሪ ነኝ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከልኝ ካሜራ ስላለኝ ሁሉም ይጠራኛል። እስካሁን በሰው ፊልም ላይ ስድስት ጊዜ ካሜራ ይዣለሁ። የራሴን ግን አንድም አልሠራሁም። ባለፈው ሐይቅ ሄደን የክፍል ጓደኛዬን አጭር ፊልም ቀረጽኩላት። አክስቷ ናቸው የሚተውኑት። ቡና እያፈሉ ለልጃቸው የሚያወሩበት ትዕይንት ነው። ሦስተኛው ቴክ ላይ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስንቀርጸው፣ ስክሪፕቱን ትተው ስለ ሞተው ልጃቸው፣ ስለ እውነተኛው፣ መናገር ጀመሩ። ሁላችንም አለቀስን። እኔ ግን ፊታቸው ከፎከስ እንደወጣ አይቼ ነበር። ወደ ሃያ ሰከንድ ደብዝዞ ቆየ፤ ከዚያ መለስኩት። ጓደኛዬ ‹ካት› ስትል ምንም አላልኩም። ‹አገኘነው!› ብላ አቀፈችኝ። ኤዲት ላይ ታወቀ። አሁን አታናግረኝም። ማቆም ነበረብኝ? ደግሞስ በሰው ሥራ ላይ ጊዜዬን እያባከንኩ ይሆን?»

እህታለም፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ማቆም አልነበረብሽም። መናገር ግን ነበረብሽ። ከ«ካት» በፊት ዝም ማለትሽ ልክ ነው። ከ«ካት» በኋላ ዝም ማለትሽ ነው ጓደኛሽን ያስቀየማት።

ቀረጻ እየሄደ «ካት» የሚለው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው የሚያቋርጠው መብራት ሰው ላይ ሊወድቅ ሲል ወይም ካሜራው ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ፎከስ ስለሳተ አይቋረጥም። ለምን መሰለሽ? የደበዘዘው ሃያ ሰከንድ ነው። ከሱ በፊት ያለው ጥርት ያለ ነው፤ ከሱ በኋላ ያለውም እንደዚያው። ድምፁ ደግሞ ምንም አልሆነም። ኤዲተር ያንን መሀል በሌላ ሾት፣ ማለትም በሌላ ምስል፣ ሊሸፍነው ይችላል። አንቺ መሀል ላይ «ይቅርታ፣ ፎከስ ሳተብኝ» ብትዪ ኖሮ ግን እኚያ እናት የጀመሩትን አይጨርሱትም ነበር። ሌላ ቀንም አይጀምሩትም። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይንሽ እንባ እያቀረረ ፎከሱን ቀስ አድርገሽ መመለስሽ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ማንም ሳይነግርሽ አይቅር።

ከ«ካት» በኋላ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ዳይሬክተሯ የሰው ፊት ነው የምታየው፤ ድምፅ የሚይዘው ልጅ ጆሮ ማዳመጫውን ነው የሚሰማው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያ ሃያ ሰከንድ ደብዛዛ መሆኑን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷ ካልተናገረች ሌላ የሚናገር የለም።

አነጋገሩም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «እኔ እንጃ፣ ትንሽ ችግር ሳይኖር አይቀርም» ማለት ምንም አልነገርኩሽም እንደማለት ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለሽ እንዲህ ትያታለሽ፤ «ስለ ልጃቸው ሲጀምሩ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጀምሮ ወደ ሃያ ሰከንድ ፊታቸው ሶፍት (ደብዛዛ) ነው። ቀና ካሉ በኋላ ደህና ነው።» በቃ። የት እንደጀመረ፣ የት እንዳበቃ። ምን እንደሚደረግ የምትወስነው እሷ ናት። ይቅርታውን፣ ማብራሪያውን፣ «ቤቱ ጨለማ ስለነበር ነው» የሚለውን ለማታ አቆዪው። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈልጋት መረጃ ነው። ሰዓት አለ፣ ብርሃን አለ፣ ቄጠማው ገና አልተጠረገም። በዚያች ቅጽበት አምስት ደቂቃ ብታገኝ እጃቸውን፣ ጀበናውን፣ ልጃቸውን ሆና የምትሰማዋን ልጅ ፊት ትቀርጽና ነገሩ ያልቅ ነበር።

ይህን የምልሽ በመጽሐፍ አንብቤው አይደለም። እኔም እንዳንቺ ዝም ብዬ አውቃለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ነው። ለአንድ ዘጋቢ ፊልም ሁለተኛ ካሜራ እንድይዝ ተጠርቼ ለገና ላሊበላ ወጣሁ። ቤዛ ኩሉን ታውቂዋለሽ። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ጋ ካህናቱ ከላይ በዓለቱ አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። ከላይና ከታች እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ነው። «አባቶች፣ እባካችሁ ድገሙልን» አይባልም። የእኔ ድርሻ ከታች ያሉትን ካህናት ፊት መያዝ ነበር።

ሰዉ እንደ ጎርፍ ይገፋል። የሪከርድ ቁልፉን ተጫንኩ። በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ትከሻዬን ገፋኝ። የተጫንኩት አልመሰለኝምና ደግሜ ተጫንኩት። ሁለተኛው መጫን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አየሁት፤ መቋሚያው ሲወርድ፣ ጸናጽሉ ሲወዛወዝ፣ አንድ ሽማግሌ ካህን ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዜሙ። ፍሬሙ ልክ ነበር፣ ፎከሱም ልክ ነበር። ካሜራው ግን አይቀርጽም ነበር። ለማረፍ ዝቅ ሳደርገው «ላቁመው» ብዬ ተጫንኩ። ያኔ መቅረጽ ጀመረ። ካርዱ ላይ የቀረው የድንጋይ ወለል፣ የሰው እግርና የነጠላ ጫፍ ነው።

ያወቅኩት ወዲያው ነው። ለዳይሬክተሩ የነገርኩት ግን ከአርባ ደቂቃ በኋላ። በአርባ ደቂቃው ውስጥ ሽብሸባው አበቃ። ወዲያው ብነግረው ማለቂያውን እንደርስበት ነበር። አንደኛውን ካሜራ ወደ ታች ያወርደው ነበር። እሱ አልጮኸብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «መቼ ነው ያወቅከው?» መልሱን ስነግረው ፊቱን አዞረ። ቁልፉን ሁለቴ መጫኔን ይቅር ብሎኛል። አርባውን ደቂቃ ግን ይቅር ያለኝ አይመስለኝም። በሌላ ሥራ አልጠራኝም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ቀይዋ ምልክት መብራቷን፣ የሰከንዱም ቁጥር መሄዱን በዓይኔ ሳላይ «ሮል» አልልም። አንቺም እንዲህ አድርጊ። ጮክ ብለሽ በይው፤ ዳይሬክተሯም ያንን ሳትሰማ «አክሽን» እንዳትል አስለምጃት።

አሁን ወደ ፎከሱ እንምጣ። ለምን እንደሳተ ሳትረጂ ብታልፊው ሰባተኛው ፊልም ላይም ይስታል።

50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 1.8፣ ርቀቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነበር ብለሻል። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ በዚህ አያያዝ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በጠቅላላ ወደ 10 ሳንቲሜትር ነው። በእጅሽ ለኪው፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ቡና የምታፈላ እናት ደግሞ እንደ ፎቶ ዝም ብላ አትቀመጥም። ከሰሉን ታራግባለች። ጀበናውን ታነሳለች። ወደ ሲኒው ጎንበስ ብላ ትቀዳለች፣ ቀና ብላ ሰው ታያለች። በአንድ ማጎንበስ ሠላሳ ሳንቲሜትር ትሄዳለች። ልጁን ስታስታውስ ደግሞ የበለጠ ታቀረቅራለች። ስለዚህ እጅሽ ሰንፎ አይደለም የሳተው። ቀረጻው ሳይጀመር ነው የተሳተው፣ 1.8 ላይ ስትከፍቺው።

አፐርቸሩን 4 ብታደርጊው ጥልቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወደ 22 ሳንቲሜትር። በዚህ ሰው ትንሽ ጎንበስ ቢል ቶሎ አይስትብሽም። ዋጋው ብርሃን ነው። ከ1.8 ወደ 4 ስትሄጂ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 800 ላይ ከነበርሽ ወደ 4000 ትወጫለሽ ማለት ነው። ምስሉ ትንሽ አሸዋማ ይሆናል። እኔን ብትጠይቂኝ አሸዋማ ሆኖ ጥርት ያለ ፊት፣ ንጹህ ሆኖ ከደበዘዘ ፊት ይሻለኛል። አሸዋውን ተመልካች በአንድ ደቂቃ ይለምደዋል። የደበዘዘ ዓይን ግን አይለመድም።

ከዚያ ሁሉ የሚሻለው ግን ረከቦቱን ማንሳት ነው። በገጠሩ ቤት ብርሃን የሚገባው በበር ነው። ቡናውን ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ብታስጠጉት ያ አይኤስኦ ሁሉ አያስፈልግሽም ነበር። ይህን ለዳይሬክተሯ መናገር ያንቺ ሥራ ነው፤ የሚነገረውም ዕቃው ሳይዘረጋ ነው።

ሌላው፣ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አትታመኚ። እዚያች ላይ ሶፍት የሆነው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከ«ሮል» በፊት ምስሉን አጉልተሽ የዓይን ሽፋሽፍቱን እዪ። ሰውየዋ ሁለት ቦታ እንደምትሆን ካወቅሽ፣ ቀና ስትልና ስታጎነብስ፣ ሁለቱንም በልምምድ ጊዜ ፈልጊያቸውና በሌንሱ ቀለበት ላይ በቴፕ ምልክት አድርጊ። በአንዳንድ አዳዲስ ሌንሶች ቀለበቱ በፍጥነት ሲዞርና በዝግታ ሲዞር ስለሚለያይ ምልክቱ ቦታውን ይለቃል። አስቀድመሽ ሞክሪው። አውቶ ፎከስ ጥሩ ነው፤ ግን ነጠላው ፊታቸውን ከጋረደ ወይም የእጣኑ ጭስ መሀል ከገባ ካሜራው ጀበናውን ፊት አድርጎ ይይዝልሻል።

ስለ ነጠላ ካነሳን አይቀር። በእኛ አገር ቀረጻ ላይ ትልቁ ፈተና ነጭ ልብስና ጠይም ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ መሆናቸው ነው። ካሜራውን በአውቶ ከተውሽው ነጠላውን አይቶ «ብርሃን በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልማል። ፊት ይጠፋል። የብዙ ተማሪ ፊልም ላይ እናቶች ጥላ መስለው የሚታዩት ለዚህ ነው። በማንዋል ያዥው። ለፊቱ አስተካክይ። ዜብራውን (ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን ምልክት) ወደ 95 አድርገሽ ነጠላው ላይ ተመልከቺ፤ እዚህም እዚያም ጠርዙ ላይ ቢታይ ችግር የለውም፣ ጨርቁ በሙሉ ከተሸፈነ ግን የፈትሉ መልክ ጠፍቷል ማለት ነው። ያኔ ዝም ብለሽ ብርሃን አትቀንሺ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ጨምሪ። ከበሩ ትይዩ ነጭ ፎም ወይም ነጭ አንሶላ ያዢና ብርሃኑን ወደ ፊታቸው መልሺው፤ ፊቱ ሲደምቅ የነጠላው ፈትል እስኪታይ ካሜራውን ትንሽ ታጨልሚዋለሽ። አንሶላ በሁሉም ቤት አለ።

ካሜራሽ ከአሜሪካ የመጣ መሆኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚያ መብራት 60 ሄርዝ ነው። የእኛ 50። አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ እየደመቀ እየፈዘዘ ነው የሚበራልሽ፤ ዓይን ስለማይደርስበት አይታይሽም። ካሜራው ግን ያየዋል። በሰከንድ 30 ፍሬምና በ1/60 ሻተር (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ከቀረጽሽ ፍሎረሰንት ወይም ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ያለበት ቤት ምስልሽ ይርገበገባል፣ አንዳንዴም ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ወደ ሜኑው ግቢና ከኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው) ወደ ፓል (ለ50 ሄርዝ አገር የሚስማማው) ለውጪው። 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50። አንዳንዱ ካሜራ ሲለወጥ «ካርዱን ፎርማት አድርጊ» ይላል። ስለዚህ ቤትሽ ሆነሽ፣ ካርዱ ባዶ ሆኖ ነው የሚሠራው እንጂ ቀረጻ መሀል አይነካም።

የክረምቱን ነገር ባጭሩ። በደሴ ብርድ የዋለ ሌንስ ቡና፣ እጣንና ሰው ወደሞላበት ቤት ሲገባ ጉም ይለብሳል። አትጥረጊው። ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ አስገቢና ሩብ ሰዓት ያህል ቤቱን ይልመድ።

አሁን ከቴክኒክ የከበደውን ልንገርሽ።

በአንድ ቀረጻ ላይ ከሁሉም ሰው ይልቅ ለሚቀረጸው ሰው ቅርብ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። ዳይሬክተሩ አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ብሎ ነው። አንቺ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነሽ። ሲተነፍሱ ትሰሚያለሽ። ስለዚህ ሰው በካሜራው ሲሸማቀቅ መጀመሪያ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ከአፋር በኩል ግመል እየተነዳ ይመጣል፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እዚያ ይገናኛል። ለዓይን እንዲህ ያለ ገበያ አላውቅም። አንድ ጊዜ እዚያ ለሰው ፊልም ካሜራ ይዤ አንዲት ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ዳይሬክተሩ ከኋላዬ «ያዝ፣ ያዝ፣ እንዳታወርድ!» ይላል። አወረድኩት። በዚህ ጉዳይ ዳይሬክተር አልሰማም። ፊቷን የሸፈነች ሴት «አይሆንም» ብላለች፤ ቋንቋ አያስፈልገውም። ቆይቶ በአስተርጓሚ ጠየቅናት። አሁንም እምቢ አለች። ሳንቀርጻት ተመለስን።

ይህን ያመጣሁት ለሐይቋ እናት ብዬ ነው። ደብዳቤሽ ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ። «ካት» ከተባለ በኋላ አጠገባቸው ማን ተቀመጠ? እናንተ ተቃቀፋችሁ። እሳቸውስ? ወሎ ውስጥ አንዲት እናት ቡና ላይ የሞተ ልጇን ካነሳች ዝም አይባልም። «አላህ ያጽናዎት»፣ «ነፍስ ይማር» ይባላል። ሲኒ ተቀብሎ ትንሽ አብሮ ይቆዝማል። በረካው ሳይጠጣ አይነሳም። ካሜራ ስለያዝሽ ይህ አይቀርልሽም። ምናልባት ይህንን አድርጋችሁ ሳትጽፊው ቀርተሽ ይሆናል። ካላደረጋችሁት ግን መጀመሪያ የሚስተካከለው ከፎከሱ በፊት እሱ ነው።

ሌላም አለ። እሳቸው ሊተውኑ ነው የመጡት። የተናገሩት ግን የራሳቸውን ነው። ያ ቃል ፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋሉ ወይ? ጓደኛሽ ጠይቃቸው ታውቃለች? ቪዲዮውን ታሳያቸውና ይወስኑ። «አይ» ካሉ ሃያው ሰከንድ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ይወጣል።

ከዳይሬክተር ጋር ሐሳብ ሲለያይ ምን ላድርግ ብለሽም ከላይ ባሳጠርኩት ክፍል ጠይቀሻል። መንዙማ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። መሪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ይከተላል። ድቤ መቺው ከሁሉም የተሻለ ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ግን ከመሪው ቀድሞ ከፈጠነ መንዙማው ይፈርሳል። በሰው ፊልም ላይ ካሜራ ስትይዢ ድቤው እጅሽ ላይ ነው።

ይህ ማለት አፍሽን ዝጊ ማለት አይደለም። ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንዱ እውነታ ነው፤ ከፎከስ ወጥቷል፣ ማይኩ ፍሬም ውስጥ ገብቷል፣ ባትሪው አሥር ደቂቃ ነው የቀረው፣ ሁለቱ ተዋንያን የተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዩ ሲቀጠል የሚነጋገሩ አይመስሉም። ይህን ሁልጊዜ፣ ለሁሉም ዳይሬክተር፣ ሳትፈሪ ትናገሪያለሽ። ሌላው ጣዕም ነው፤ «እኔ ብሆን ጠጋ ብዬ ነበር የምይዘው» የሚለው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቀረጻው በፊት፣ ለብቻዋ ትነግሪያታለሽ። «አይሆንም» ካለች እሷ ያለችውን የራስሽ ሐሳብ እንደሆነ አድርገሽ በሙሉ ልብሽ ቅረጪው። በድብቅ በራስሽ ፍሬም አትያዢ። ከተዋናይዋ ጋርም ስለ ትወናዋ አታውሪ። እኔ ያየኋቸው ብዙ ቡድኖች የፈረሱት በገንዘብ አይደለም። ካሜራ የያዘው ሰው ተዋናዩን «እንዲህ ብታደርገው ይሻላል» ብሎ ጥግ ላይ ሲያንሾካሹክ ነው።

ጊዜሽን አላባከንሽም። ስድስት ዳይሬክተር አይተሻል። አንዱ እንዴት ተዋናይ እንደሚያረጋጋ፣ ሌላው እንዴት በጩኸት ሁሉንም እንደሚያስደነግጥ በአንድ ሜትር ርቀት ሆነሽ ተመልክተሻል። ይህ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ግን አንድ ነገር ይጎድልሻል ብዬ እጠረጥራለሁ። ካርዱን አስረክበሽ ወደ ቤትሽ ነው የምትሄጂው። ኤዲት ላይ አትቀመጪም።

ተቀመጪ። ደመወዝ አትጠይቂ፣ ይህን ጠይቂ። እኔ አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጉም ለመቅረጽ ሦስት ጠዋት ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ፣ አንድ የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ ከውስጡ ሲወጣ። በሕይወቴ ከቀረጽኩት ሁሉ የምወደው ነበር። ኤዲተሩ ሁለት ጊዜ አየውና ጣለው። ጎኑ ቁጭ ብዬ ነበር። «ለምን?» አልኩት። ወደ ኋላ መልሶ አሳየኝ። ሪከርድ እንደተጫንኩ ወዲያው ነው ካሜራውን ማዞር የጀመርኩት። መኪናው እንደወጣ ወዲያው ነው ያቆምኩት። «የምይዝበት ጆሮ የለውም» አለኝ። ከሚንቀሳቀስ ሾት በፊት አምስት ሰከንድ፣ ከሱም በኋላ አምስት ሰከንድ ዝም ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ነግሮኝ ነበር። የገባኝ ግን የእኔ ጉም ሲጣል ነው።

የራስሽን ፊልም ደግሞ አሁን ጀምሪ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ቤትሽ ውስጥ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን። ካሜራውን ግን አንቺ አትያዢ፤ ለሌላ ሰው ስጪ። ሌላ ሰው የያዘውን ካሜራ ማመን ምን እንደሆነ ስትቀምሺው ጓደኛሽ ምን እንደተሰማት ይገባሻል።

ስለ ክፍያ፤ ተማሪ ለተማሪ ሲሆን ትራንስፖርትና ምሳ ይበቃል። የካርዱ ቅጂ ግን ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ፎርማት እንደማይደረግ፣ ስምሽም መጨረሻው ላይ «ካሜራ» ተብሎ ይሁን «ሲኒማቶግራፊ» ተብሎ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ብርሃኑንና ፍሬሙን የወሰንሽው አንቺ ከሆንሽ ሁለተኛው ይገባሻል።

አሁን የቀረው የሐይቁ ትዕይንት ነው። አልሞተም።

መጀመሪያ ጓደኛሽ ጋ ሂጂ። በስልክ መልእክት አይሆንም። «ኤዲት ላይ ነው ያየሁት» እንዳትዪ፤ «ያኔውኑ አይቼዋለሁ፣ ፈራሁ፣ አልነገርኩሽም» በያት። ከዚያ ባዶ እጅሽን አትቁሚ፣ መፍትሔውን ይዘሽ ቅረቢ።

መፍትሔው እሳቸውን ማስደገም አይደለም። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። «ስለ ልጅዎት እንደዚያ ቀን አድርገው ይንገሩን» የሚባል ነገር የለም። ሶፍትዌር ያጠራዋል የሚሉሽንም አትስሚ። ካሜራው ያልያዘውን ሽፋሽፍት ሶፍትዌር መልሶ አያመጣውም፤ ጠርዝ ያሰላል ወይም በግምት ይሠራል እንጂ። ድምፁ ግን ሙሉ ነው። ድምፁ እየሄደ ሃያውን ሰከንድ በሌላ ምስል ትሸፍኑታላችሁ። ሦስት ሾት ይበቃችኋል። አንዱ እጃቸው ነው፤ ጀበናውን ይዞ፣ ሳይቀዳ የቆመ እጅ። ሁለተኛው ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች፣ አንዱ ብቻ ያልተሞላ። ሦስተኛው፣ ዋናው፣ የምትሰማዋ ልጅ ፊት ነው። እሷን ስትቀርጪ የእሳቸውን ድምፅ ከስልክ ክፈቱላት። እንድትተውን አትንገሯት፤ ትስማው ብቻ። ከሃያው ሰከንድ አሥራ ሁለቱን ምናልባት እሷ ትይዘዋለች። እኔ ፊልሙን ባላየውም ይህ ከመጀመሪያው ሊሻል ይችላል ብዬ አምናለሁ። ስለ ሞተ ልጅ የምትናገር እናትን ማየት ከባድ ነው። እሷን የምትሰማ ልጅ ፊት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል።

ብርሃኑ እንዲገጥም ያን ቀን የቀረጻችሁበትን ሰዓት ከፋይሉ ላይ እይው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ በሦስት ሰዓት ሂዱ። ያው ነጠላ፣ ያው ሲኒ፣ ያው ቄጠማ ይሁን። የነጠላው ጥለት በየትኛው ትከሻ እንደወረደ፣ የጀበናው ጆሮ ወደ የት እንደዞረ ከምስሉ ላይ አይተሽ በወረቀት ጻፊው። አፐርቸሩ 4። ረከቦቱን ግን አሁን ወደ በሩ አታስጠጉት፤ ከፊተኛው ጋር አይገጥምም። አንሶላውን ያዢ።

ከመሄዳችሁ በፊትም ጓደኛሽ ለአክስቷ ትደውልላቸው። እጃቸውን ብቻ እንደምትቀርጹ፣ ምንም መናገር እንደማይጠበቅባቸው ትንገራቸው። ቡናውንና ስኳሩን ይዛችሁ እንደምትመጡ፣ በረካው ድረስም እንደምትቆዩ።